ማይክሮደርማብሬዥን ልትሠሩ ነው? ከመምጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ

«ያማል?» የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ይኼ ነው። ሁለተኛው «ያቀላኛል?» ይሆናል። በአግባቡ ከተሠራ አያምም፤ አያቀላምም። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት እንድትጠይቁኝ የምመኘው ሌላ ነገር አለ፦ «ቆዳዬ ዛሬ ለዚህ ዝግጁ ነው ወይ?» አዲስ አበባ ውስጥ ፊት ስሠራ 11 ዓመት ሆነኝ። «ዛሬ አልሠራሽም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» ብዬ የመለስኳቸው ደንበኞች፣ ሠርቼ ከሸኘኋቸው ባልተናነሰ ተጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ማይክሮደርማብሬዥን ማለት የቆዳን የላይኛውን የሞተ ሽፋን በማሽን ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጣሊያን ውስጥ ሲጀመር ማሽኑ ደቃቅ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ክሪስታል ፊት ላይ እየረጨ፣ ወዲያው ከሞተው ቆዳ ጋር መልሶ ይስበው ነበር። ዛሬም በዚያ የሚሠሩ አሉ። እኔ የምጠቀመው ጫፉ ላይ የአልማዝ ብናኝ የተለጠፈበትን ነው፤ ዓይንና አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ነገር የለውም፣ ጫፉም እንደ ፊቱ ሁኔታ ከለስላሳ እስከ ሻካራ ይቀያየራል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን ሥራው ሁለት ነው፤ ይፍቃል፣ ይስባል። መሳቡ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ዋግምት አስታውሱ። ዋግምት አንድ ቦታ ሲቆይ ክብ ምልክት ትቶ ይነሣል፤ ይኼ ግን መቆም የለበትም፣ እየሄደ ነው የሚስበው። ባለሙያዋ እጇን አንድ ቦታ ላይ ካቆመች ያው የዋግምቱ ምልክት ፊታችሁ ላይ ይወጣል።

የሚነሣው ሽፋን ከደብተር ወረቀት በብዙ እጥፍ የሳሳ ነው። ይህን አስረግጬ የምናገረው ብዙ ሰው ከዚህች ስስ ነገር ብዙ ስለሚጠብቅ ነው። የደበዘዘ ፊት ይፈካል፣ የሻከረ ይለሰልሳል፣ የተደፈነ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ብጉር ትቶት የሄደው ቀለል ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ከተደጋገመ ሥራ በኋላ ይደበዝዛል። ክሬምና ሴረምም ከዚያ በኋላ በደንብ ይገባል። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጥልቅ የብጉር ጠባሳ ግን በዚህ አይሞላም። ማድያትም በዚህ አይለቅም፤ ሥሩ ጠለቅ ያለ ነው፣ ከተነካካም አንዳንዴ ይብሳል። ለማድያት የቆዳ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። ማድያት ይዛችሁ መጥታችሁ «አጠፋልሻለሁ» የሚላችሁ ሰው ካለ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከትምህርት ቤት ብቻ አላገኘሁትም። ሙያውን ከመጀመሬ በፊት፣ የእህቴ ሠርግ 10 ቀን ሲቀረው፣ አንድ ቦታ ሄጄ ተሠራሁ። ልጅቷ መንጋጋዬ ላይ ደጋግማ ሄደችበት፤ አራቴ ይሁን አምስቴ አላውቅም። ሲያቃጥለኝ ዝም አልኩ፤ ካላቃጠለ አይሠራም የሚል እምነት ነበረኝ። ማታውን ቀላ፣ በሦስተኛው ቀን ሻከረ፣ በሳምንቱ ሁለት ጣት የሚያህል ቡናማ መስመር በግራ መንጋጋዬ ላይ ወጣ። የሠርጉ ፎቶ ላይ በሜካፕ ተሸፍኗል፣ እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ። ለመጥፋት ሰባት ወር ፈጀ። እንደ እኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ሲጎዳ ራሱን የሚከላከለው ቀለም በማምረት ነው፤ ነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ በሁለት ቀን የሚጠፋ ጭረት እኛ ላይ ጥቁር ሆኖ ወራት ይቀመጣል። ስለዚህ ለእኛ ጥሩ ባለሙያ ማለት እጇ የቀለለ ነው። «ጠንከር አድርጊልኝ» አትበሉ። ካቃጠላችሁ ደግሞ እንደ እኔ ዝም አትበሉ፤ በዚያው ሰከንድ ተናገሩ።

መጀመሪያ የምጠይቃችሁ

አልጋው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ አሥር ደቂቃ ያህል እጠይቃለሁ። ይህን የማያደርግ ቦታ ከገጠማችሁ እናንተው ራሳችሁ ንገሯቸው።

በመጀመሪያ ምች። ከንፈራችሁ ዳር ምች ካለ፣ ደርቆ ቅርፊት ቢሆንም እንኳ፣ በዚያ ቀን አልነካችሁም። ምች ፀሐይ የመታው ሰው የሚይዘው ይመስለናል እንጂ ከሥሩ ቫይረስ ነው፤ ማሽኑ ከዳር ወደ ጉንጭ ሊያሰራጨው ይችላል። አሁን ባይኖርም በየጊዜው የሚወጣባችሁ ከሆነ ንገሩኝ፣ መፋቁ ሊቀሰቅሰው ስለሚችል። ሐኪም አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ሊያዝላችሁ ይችላል። ዳማከሴ አሽታችሁ ከመጣችሁም ቆዳው እስኪረጋ እንጠብቃለን።

ቀጥሎ ክሬም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዋሸኝ እዚህ ነውና። የሚያቀላ ክሬም ትቀባላችሁ ወይ? አንድ ጊዜ አንዲት እናት መጡ፤ ጉንጫቸው ቀይ፣ ስስ፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች በላዩ የሚታዩበት ነበር። «ምንም አልቀባም ልጄ፣ ቫዝሊን ብቻ» አሉኝ። ቦርሳቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ግማሹ የተጨመቀ ቱቦ ወጣ፤ ጽሑፉ ተፍቋል፣ ከጀርባው ግን «ክሎቤታሶል» የሚለው ይነበብ ነበር። ክሎቤታሶልም ሆነ ቤታሜታሶን ሐኪም ለተወሰነ ጊዜና ለተወሰነ በሽታ የሚያዘው ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፤ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያሳሳዋል። በዚያ ቆዳ ላይ ማሽን ማሳረፍ ማቁሰል ነው። እኒያን እናት አልሠራኋቸውም፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋቸው። በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡትም፣ ፊት ሊያብጥና ሊቆጣ ይችላል፤ አወራረዱን ሐኪም ያሳያችሁ። እባካችሁ ለእኔ ወይም ለማንኛዋም ባለሙያ እውነቱን ንገሩ። አንፈርድባችሁም። ይህን ክሬም ማን እንደሸጠላችሁና ምን ብሎ እንደሸጠላችሁ እናውቃለን።

ለብጉር የሚዋጥ አይዞትሬቲኖይን እየወሰዳችሁ ከሆነ ወይም በቅርቡ ካቆማችሁ ያዘዘላችሁን ሐኪም ሳታማክሩ አትምጡ፤ እኔ በበኩሌ ካቆሙ ስድስት ወር ያልሞላቸውን አልሠራም። የሚቀባ ትሬቲኖይን፣ አዳፓሊን ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ ከሆነ ከአንድ ሳምንት በፊት አቁሙት። መግል የቋጠረ፣ ያበጠ፣ ሲነካ የሚያም ብጉር ካላችሁም ቀጠሮ እንቀይራለን፤ እሱን መፋቅ መግሉን ማሰራጨት ነው። ኤክዚማ፣ ኪንታሮት፣ ቁስል፣ በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳም ያው ነው። ጠባሳችሁ የሚያብጥና የሚያድግ ዓይነት ከሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ እርጉዝ ከሆናችሁም ንገሩ። በእርግዝና ጊዜ ቆዳ ለማድያት ቅርብ ስለሚሆን እኔ ከወሊድ በኋላ እስኪሆን ማቆየትን እመርጣለሁ።

ወንዶችም እየመጡ ነው፣ ደስ ይለኛል። ፂማችሁን በዚያው ቀንና በዋዜማው አትላጩ። አንገታችሁ ላይ ከመላጨት የሚወጣው ሽፍታ ካለ እሱን ቦታ እዘለዋለሁ።

የመጣችሁበት ሳምንት

ቅንድብ በክር መቀንደብ፣ የላይኛውን ከንፈር ፀጉር በሰም ማንሳት፣ ይኼ ሁሉ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይለቅ። ሎሚ ፊት ላይ ማሸት ይቅር፤ ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋሉ። ፀጉራችሁን ቅቤ ከተቀባችሁ ታጥባችሁ ኑ። ቅቤ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አልጋው ሞቃት ነው፣ እየቀለጠ ግንባር ላይ ሲወርድ ጫፉ ያንሸራትታል፣ የት እንደፋቅሁና የት እንዳልፋቅሁ ማየት አልችልም።

ቀኑን ስትመርጡ ደግሞ አስቡበት። ጥር ሲገባና ከፋሲካ በኋላ ሙሽሮችና ሚዜዎች ይጎርፋሉ፤ ሦስት ቀን ሲቀር የሚመጡ አሉ። እኔ ሙሽራን ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርጓ አምስት ቀን ሲቀረው አልሠራም። ከሦስት ወር በፊት ጀምራ ብትመጣ፣ የመጨረሻውን ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት እንጨርሳለን፣ ቆዳዋም ተረጋግቶ ይጠብቃል።

አልጋው ላይ

ከመጀመሬ በፊት ሦስት ነገር ዓይናችሁ ይይ። እጄን መታጠቤንና ጓንት ማድረጌን። ጫፉ ከታሸገ ከረጢት ውስጥ መውጣቱን፤ በአውቶክሌቭ (ጀርምን በሞቃት እንፋሎት በሚገድል ማሽን) ተቀቅሎ መሆን አለበት፣ በአልኮል መጥረግ ብቻውን አይበቃም። ማሽኑ የሚስበውን የሞተ ቆዳ የሚይዘው ማጣሪያ አዲስና ነጭ መሆኑን። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጠይቃችሁኝ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ፊታችሁን ሁለት ጊዜ አጥባለሁ፣ ቅባቱን አነሣለሁ፣ በደንብ አደርቃለሁ። እርጥብ ቆዳ ላይ ይኼ ማሽን አይሄድም። ዓይናችሁን እሸፍናለሁ። ከዚያ ጫፉን መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ክፍል ላይ አንድ ጊዜ አሳልፈዋለሁ፤ መሳቡ ምን እንደሚመስል እንድታውቁትና እንዳትደነግጡ። ብዙዎች «ድመት ስትልስ እንዳለው» ይሉኛል፣ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም። ሻካራ፣ ደረቅ፣ ትንሽ የሚኮረኩር ነገር ነው። ማደንዘዣ አያስፈልገውም። ማሽኑ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ከስሜቱ ይብሳል።

በግራ እጄ ሁለት ጣት ቆዳችሁን ወጠር አደርጋለሁ፣ በቀኜ ጫፉን እስባለሁ። መወጠሩ ለጌጥ አይደለም፤ የላላ ቆዳ ወደ ቱቦው ተስቦ ይገባል፣ የተወጠረ ግን ከላይ ብቻ ይፋቃል። ከግንባር እጀምራለሁ፣ ቆዳው እዚያ ጠንከር ይላል። መጀመሪያ ከታች ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ከመሐል ወደ ጎን፣ ሁለት ዙር። ሦስተኛ ዙር ብዙ ጊዜ የለም፤ አፍንጫ ዳርና አገጭ ላይ ብቻ፣ እዚያ ቅባቱና የሞተው ቆዳ ስለሚከማች። ጉንጭ ላይ መሳቡን እቀንሳለሁ። ከዓይን ሥር ያለውን ስስ ቆዳ አልነካም፤ ዐይነ ሽፋን ላይ ፈጽሞ። ከንፈር ላይም አልሄድም። ማሽኑ ፊታችሁን የሚነካበት ጊዜ ተደምሮ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ከመታጠቡና ከማስኩ ጋር ከ45 ደቂቃ አያልፍም።

መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ፣ ይጠፋልም፣ አትጨነቁ፤ በግማሽ መቆሙ የሚያመጣው ጉዳት የለም። መብራት ሲመጣ ግን «ከመጀመሪያው እንጀምር» ቢሏችሁ እምቢ በሉ። የተሠራው ግማሽ ድርሻውን አግኝቷል። እኔ ያቆምኩበትን ቦታ በነጭ የቅንድብ እርሳስ ጠርዙ ላይ ምልክት አደርግበታለሁ።

ሲያልቅ ማጣሪያውን አውጥቼ በመዳፌ አሳያችኋለሁ። ነጭ የነበረው ክብ ስፖንጅ መሐሉ ላይ ግራጫ ሆኖ፣ ዳሩ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ብናኝ ነው፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። ሜካፕ በደንብ ያልታጠበ ሰው ከሆነ ቡናማ ይሆናል። ደም ያለበት ማጣሪያ ግን በፍጹም መታየት የለበትም፤ ካያችሁ በጣም ጠልቀው ሄደዋል ማለት ነው። ከዚያ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሽታ የሌለው ማስክ፣ ቀጥሎ እርጥበት የሚሰጥ ክሬም፣ በመጨረሻ የፀሐይ መከላከያ። ሳልቀባችሁ ከበሩ አላስወጣችሁም።

ወደ ቤት ስትመለሱ

ፊታችሁ ሮጦ የመጣ ሰው ፊት ይመስላል። ጠይሞቹ ላይ ቅላቱ ብዙም አይታይም፣ ሙቀቱ ግን ይሰማችኋል። ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ቀን ይበርዳል። በማግስቱ መወጠር፣ መድረቅ አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አፍ ዙሪያና አፍንጫ ዳር ትንሽ ሊረግፍ ይችላል። አትላጡት። የሚረግፈው ራሱ ይረግፋል፤ እናንተ ስትልጡት ያልደረሰውንም ይዛችሁት ትመጣላችሁ፣ ጥቁር ነጥብ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ማታ ለብ ባለ ውኃ ብቻ ታጠቡ፣ በፎጣ አትሹ፣ ተጭናችሁ አድርቁ። ሽታ የሌለው ክሬም ተቀቡ። ስክራብ፣ እርድ፣ አብሽ፣ ሎሚ፣ የብጉር አሲድ፣ ትሬቲኖይን አንድ ሳምንት ይቆዩ። ሜካፕ ለ24 ሰዓት ይቅር። ስቲምና ሳውና፣ ወይባም ጭምር፣ ለአምስት ቀን ያህል አይሁን። ወይባ የገባች ደንበኛዬ በማግስቱ ደውላ ነበር፤ ሙቀቱና ጢሱ ተደራርበው ጉንጯ እንደ በርበሬ ሆኖ ሁለት ቀን ቆየ። ወለደች፣ አራስ ናት ብላ አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነው እዚያው የገባችው። እኔም አስቀድሜ አልነገርኳትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ወይባን በቃልም በወረቀትም እነግራለሁ።

ፀሐይ ላይ ግን አልደራደርም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጎጂው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ የሌለ ይመስለናል፤ አለ። ደመናም አያስቆመውም። ኤስፒኤፍ (ዕቃው ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መከላከያ፣ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ርዝመት ልክ ሁለት መስመር ጨምቃችሁ፣ ለፊትና ለአንገት ተቀቡ። ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ፊታችሁ ላይ ነጭ ጥላ የሚተው ከሆነ ቀለም የተቀላቀለበትን ፈልጉ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ነጠላችሁን ወይም ጃንጥላችሁን ያዙ። መከላከያ መግዛት የማትችሉበት ወር ከሆነ፣ ማይክሮደርማብሬዥኑን ለሌላ ወር አቆዩትና በዚያው ገንዘብ መከላከያውን ግዙ። ይህን ስል ገቢዬን እያጣሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለቆዳችሁ ግን ትክክለኛው ይኼ ነው።

ከሁለት ቀን በላይ የቆየ ቅላት፣ የሚያቃጥል ሕመም፣ ውኃ የቋጠረ ነገር፣ መግል ወይም ከንፈር ዳር የሚያሳክክ ምልክት ካያችሁ ለሠራችሁ ሰው ደውሉ፤ ካልበረደ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ።

ስንት ጊዜ?

አንድ ጊዜ ተሠርታችሁ የምታገኙት የአንድ ሳምንት ፍካት ነው። ነጠብጣብ ለማደብዘዝ ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ያስፈልጋል። ለእኛ ቆዳ እኔ ሦስት ሳምንቱን እመርጣለሁ፤ ቆዳ ራሱን የሚቀይረው በአንድ ወር ገደማ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መፋቅ ያልበሰለ እሸት መቁረጥ ነው። ዋጋውን ስትጠይቁ ታዲያ የአንዱን ብቻ አትጠይቁ፤ የሁሉንም ድምር ጠይቁና ከአቅማችሁ ጋር አስተያዩት። ሁሉንም በአንዴ አትክፈሉ። ሁለተኛው ላይ ቆዳችሁ እንዴት እንደተቀበለው አይታችሁ ቀጥሉ።

ለውጡን በመስታወት አትለኩት፤ መስታወት በየቀኑ ስለምታዩት ያሳስታችኋል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ታጥባችሁ፣ አንድ መስኮት አጠገብ ቆማችሁ በስልካችሁ ሦስት ፎቶ አንሡ፤ ፊት ለፊት፣ ግራ፣ ቀኝ። ከሦስተኛው ቀጠሮ በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መስኮት ድገሙት። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አራተኛው ቀጠሮ ላይ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው አሳዩኝ። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ብዙ ተመለከቱ። «ልጄ፣ ይቺ የጉንጬ ማድያት እንዳለች ናት፤ አንቺም አትለቅም ብለሽኛል» አሉኝ። «ግንባሬ ላይ ግን አሁን ስታጠብ እጄ ይንሸራተታል። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።» ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ጽፌላቸው፣ መከላከያቸውን ተቀብተው ወጡ።